መቶ ሚሊዮን ዘፈንና አንድ የተጣበቀ ሲዲ

ኮሮላዬ ስትሞት ያዘንኩት ለሞተሯ አልነበረም፤ ጉሮሮዋ ውስጥ ለቀረው ሲዲ ነበር።

ሲዲው ከገባ ስድስት ዓመቱ ነው። አንድ ማለዳ ገባና አልወጣም አለ። ማስወጫውን ስጫነው ያጉረመርማል፤ በቀጭን ካርድ ስጎረጉረው ይንጫጫል፤ ትንሽ ያኮርፍና እንደገና ከመጀመሪያው ዘፈን ይጀምራል። መካኒኩ ዳሽቦርዱን ፈትቶ ለማውጣት 180 ዶላር ሲለኝ «ይኑርበት፤ ቀለብ አልጠየቀኝ» ብዬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ሴት ልጆቻችን በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ መካከል ስንመላለስ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንስም፣ ሠርግና ለቅሶ ስንደርስ የምንሰማው እነዚያኑ 12 ዘፈኖች ሆነ። ትንሿ ልጄ ከሆስፒታል ወደ ቤት የመጣችው በእነሱ ታጅባ ነው።

ሲዲው ኦሪጅናል አልነበረም። ይህን ከንስሐ አባቴ ቀጥሎ የምነግረው ለእናንተ ነው። አንድ ወዳጄ ከያለበት ለቃቅሞ የቀዳልኝ፣ ጀርባው ላይ በማርከር «ምርጥ» ተብሎ የተጻፈበት ነው። ሦስተኛው ላይ ያለው የማሕሙድ አሕመድ ዘፈን መሃሉ ላይ ይዘላል፤ ከአንድ ቃል ግማሽ ይነሣና ሌላ ቃል ግማሽ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ ያናድደን ነበር። እየከረመ ሲሄድ እንደ ጎረቤት ውሻ ጩኸት ጆሯችን ተወው።

አዲሷን መኪና ልንገዛ ስንሄድ ሻጩን «ሲዲ የሚገባው በየት በኩል ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። በቅሎዬን የት እንደማስር የጠየቅኩት ይመስል ዝም ብሎ አየኝ። ቀዳዳ የለም። ያለው እንደ ሰሌዳ የተገተረ መስታወት ነው። ስልክህን ታገናኛለህ፣ ስልክህ ውስጥ ወር በገባ ቁጥር የሚከፈልበት የሙዚቃ አፕ ይኖራል፣ በቃ። «የትኛውን ነው የምትጠቀመው?» አለኝ። የትኛውንም አልኩት። በሐዘኔታ ቅናሽ ያደርግልኛል ብዬ ነበር፤ አላደረገም።

«አንዱን ምረጥና ገላግለን» አለች ባለቤቴ፣ ገና ከግቢው ሳንወጣ።

ነገሩ የተበላሸው «ምረጥ» ከሚለው ቃል ላይ ነው። እኔ ዘፈን መርጬ አላውቅማ። አዲስ አበባ ሳለሁ የሚመርጥልኝ የሰፈራችን ሙዚቃ ቤት ልጅ ነበር። ባዶ ካሴት ይዤ፣ የዘፈኖቹን ዝርዝር ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ጽፌ እሰጠዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ የጻፍኩት ግማሹ የለም፤ በቦታው እሱ የወደደው ተቀድቷል። «ያኛው አይሆንህም፣ ይኼን ስማ» ይለኛል። ብዙ ጊዜ ልክ ነበር። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነገር ጠባያችንን አጥንቶ ዘፈን ይመርጥልናል ተብሎ ሲደነቅ በሆዴ እስቃለሁ። ያ ልጅ ጠባያችንን ብቻ ሳይሆን የማን ዕዳ እንዳለብንም ያውቅ ነበር።

ደግሞ በዘፈን ገበያ ውስጥ ፉክክር ራሱ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም ሥልጣን የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት በ1969 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ ሂሳቡ ሁሉ በዶላር ስለሆነ) «ምን ይመጣል?» ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀድቶ፣ ሸክላውን ህንድ ሀገር አሳትሞ ገበያ ላይ አዋለው። አላሰሩትም። እስከ 1975 ድረስ አምሃ ሬከርድስ ያወጣቸው ሸክላዎች ዛሬ ድረስ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንምልባቸው ናቸው። እንግዲህ ሁለተኛው ሱቅ እንዲከፈት አንድ ሰው እስር ቤትን ደፍሯል። እኔ ደግሞ አምስት ሱቅ ተከፍቶልኝ፣ ሶፋ ላይ ተኝቼ መምረጥ አቃተኝ።

አምስቱ እነማን ናቸው? ስፖቲፋይ ስቶክሆልም ላይ በ2006 የተመሠረተ፣ አሜሪካ በ2011 የገባ አንጋፋ ነው። አፕል ሙዚክ በ2015 መጣ። ታይዳል የሚባለውን በዚያው ዓመት ራፐሩ ጄይ ዚ ገዝቶ፣ ዘፋኝ ጓደኞቹን መድረክ ላይ ደርድሮ እንደ አዲስ አስመረቀው። አማዞን ሙዚክ አንሊሚትድ በ2016፣ ዩቲዩብ ሙዚክ አሁን በምናውቀው መልኩ በ2018 ተከተሉ። ሁሉም ከመቶ ሚሊዮን በላይ ዘፈን አለን ይላሉ። መቶ ሚሊዮን ዘፈን እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ቢሆን፣ ሳይተኙ ሳይበሉ ለመስማት ወደ 570 ዓመት ይፈጃል። ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሬ ብሰማ አሁን ገና መጨረሴ ነበር።

ምክር ፍለጋ ወጣሁ። ለካ ይህ ነገር እንደ ጊዮርጊስና ቡና ሰውን ለሁለት ከፍሎታል። የወንድሜ ልጅ የስፖቲፋይ ደጋፊ ነው፤ «ጋሼ፣ ሌላውን ሽማግሌ ነው የሚጠቀመው» አለኝ። ሽማግሌ መሆኔን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። የባለቤቴ ወንድም የዩቲዩብ ነው፤ «ከከፈልክ ቪዲዮው ላይ የሚመጣው ማስታወቂያ ሁሉ ይቀርልሃል፤ ሙዚቃው ምርቃት ነው» ይላል። ሥራ ቦታ አብሮኝ የሚውለው ልጅ አፕል ካልሆነ ሙዚቃ አይባልም ባይ ነው፤ ስልኩም፣ ሰዓቱም፣ የጆሮ ማዳመጫውም አፕል ነው፤ ልጅ ሲወልድ ስሙን ምን እንደሚለው መገመት አያቅትም።

ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ የሚነዳው ጓደኛዬ ግን የታይዳል ሰው ነው። ታክሲው ውስጥ አስቀምጦ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ «እስትንፋስህን ያዝና ስማ» አለኝ። የሰባዎቹ ዘፈን ነው፤ ባንዱ በሙሉ አንድ ክፍል ተሰብስቦ በአንድ ትንፋሽ የተቀዳ። ያዝኩ።

«ሰማኸው?»

«ምኑን?»

«ጥራቱን ነዋ! ከበስተኋላ ወንበር ሲንቀጠቀጥ አይሰማህም?»

ይሰማል። እውነቱን ለመናገር በፊት ወንበሩ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼ አላውቅም። ግን ለወንበር ብዬ ሙዚቃ መስማት የጀመርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ወደ ዋጋው ገባሁ። ዋጋው ላይ ባለቤቴ አቋረጠችኝ። ነገሩ ያን ጊዜ እንዲህ ነበር፦ ስፖቲፋይ አሜሪካ ሲገባ በወር 9.99 ዶላር ነበር፤ 12 ዓመት ንቅንቅ ሳይል ቆይቶ በ2023 ወደ 10.99፣ በ2024 ደግሞ ወደ 11.99 ወጣ። አፕል በ2022 ወደ 10.99 ከፍ ብሎ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ታይዳል በ2024 የውዱን ጥቅል ዋጋ አውርዶ 10.99 አደረገ። ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ አስምሬ፣ ዓምድ ሠርቼ፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ለይቼ ሳቀርብላት ወረቀቱን አየችው።

«ልዩነቱ አንድ ዶላር ነው?»

«በወር ነው እንጂ! በዓመት 12 ዶላር ይሆናል።»

«ስንት ጊዜ ሆነህ ይኼን ስታጠና?»

«ስድስት ሳምንት።»

«በስድስት ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን ኦቨርታይም ብትገባ የአሥር ዓመቱን ልዩነት ትሸፍነው ነበር» ብላ ወረቀቱን የሽሮ ክዳን ላይ አስቀምጣው ሄደች። እኔ ግን ነገሩ የዶላር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ማኪያቶ ሲጨምር ማንም ሰው ስድስት ሳምንት አያጠናም። ማኪያቶ ጠጥተኸው ያልቃል፤ ይኼኛው ግን መቼም አያልቅም፤ ስለዚህ ስትገባ እንደ ጋብቻ ያስፈራል።

ለአንድ ሰው ከሚከፈለው ይልቅ የቤተሰቡ እንደሚያዋጣ ያስረዳችኝ ትልቋ ልጄ ናት። ያን ጊዜ አፕል 16.99፣ ስፖቲፋይ 19.99 ነበሩ፤ ሁለቱም እስከ ስድስት ሰው። ስድስት ሲባል በደሜ ውስጥ ያለው የዕቁብ መንፈስ ተነሣ። 19.99 ለስድስት ሲካፈል 3.33 ነው! ወዲያው ሚኒሶታ ላለችው የአክስቴ ልጅ ደወልኩ፣ ሲያትል ላለው አብሮ አደጌ ደወልኩ። ዳኛ ተመረጠ፣ ጸሐፊ ተመረጠ፤ ጸሐፊዋ ገንዘብ በወሩ መጀመሪያ እንዲገባ ቃለ ጉባኤ ያዘች። ከዚያ ልጄ የስፖቲፋይን ደንብ አነበበችልን፦ ቤተሰብ ማለት በአንድ አድራሻ የሚኖር ማለት ነው።

ስልኩ ላይ ዝምታ ወረደ። «አንድ አድራሻ?» አለች የአክስቴ ልጅ። እኛ ቤተሰብ የምንቆጥረው በሰባት ቤት ነው። ሠርግ ሲመጣ በሰባት ቤት የሚገኝ ዘመድ በሙሉ ይዋጣል፣ ለቅሶ ሲመጣ ከሦስት አህጉር ይመጣል። አሁን ቤዝመንታችንን የተከራየው፣ ስሙን እንኳ በቅጡ የማልጠራው ልጅ ቤተሰቤ ነው፤ አብራኝ ጡት የጠባችው የአክስቴ ልጅ ግን ባዕድ ናት። ዕቁቡ ሳይጣል ፈረሰ። ጸሐፊዋ ግን ቃለ ጉባኤውን አልቀደደችም፤ ለሌላ ነገር ይሆናል ብላ አስቀምጣዋለች።

እንግዲህ አንድ ወር በነፃ ሞክሮ መወሰን ይሻላል ብዬ ከአምስቱ አንዱን ስልኬ ላይ ጫንኩ። ማንነቱን አልናገርም፤ ኋላ ላይ የምነግራችሁን ስትሰሙ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

የመጀመሪያው ፈተና ፍለጋ ነው። የእኛ ዘፋኝ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሕግ የለውም። ጥላሁን ገሠሠን ስፈልግ አራት ጥላሁን መጣ። አንዱ በአንድ ‹ኤስ›፣ አንዱ በሁለት ‹ኤስ›፣ አንዱ የአባቱ ስም ከራሱ ስም ጋር ተጣብቆ፤ አራተኛው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባዘጋጀው ‹ኢትዮፒክስ› በተሰኘው ተከታታይ አልበም አጻጻፍ፣ እያንዳንዷ ‹ኢ› ላይ እንደ ዝንብ የተቀመጠች ሰረዝ ያለባት። አራቱም የተለያዩ ሰዎች ተደርገው ተመዝግበዋል፤ እያንዳንዳቸው የተለያየ የአድማጭ ቁጥር አላቸው። ክቡር ዶክተሩ በሕይወት ቢኖሩ ለአንድ ድምፅ አራት መታወቂያ ማውጣት ይጠበቅባቸው ነበር።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው አማቴ መጥተው ሲቀመጡ ነው፤ ነገሩ ባሰ። እሳቸው ስልክ መነካካት አይወዱም። ኩሽና ውስጥ ግን ስታናግሯት የምትመልስ ሳጥን አለች። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ሲያዟት አይተዋል። አንድ ጠዋት ነጠላቸውን አመቻችተው ቀረቡና በትሕትና «ልጄ፣ እስቲ ጥላሁንን ክፈችልኝ» አሏት። ሳጥኗ ጥቂት አሰበችና ‹ታይለር› የሚባል አሜሪካዊ ከፈተችላቸው። ሰውዬው እየጮኸ፣ ኩሽናው እየተንቀጠቀጠ እሳቸው ቁመው አዳመጡ።

«ምነው፣ ዝም አስብሏት እንጂ!» አልኩ እየሮጥኩ ስገባ።

«ተዋት» አሉኝ በርጋታ፤ «ምን ታድርግ? አማርኛ አላስተማሯትም፤ እንደ እናንተ ልጆች ናት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ እሑድ እሑድ የፊደል ትምህርት አለ።

ሦስተኛው ፈተና የመጣው በዐቢይ ጾም ነው። ቤታችን በጾም ዘፈን አይከፈትም፤ 55 ቀን መዝሙር ብቻ። ይህ ሙከራው አልቆ መክፈል በጀመርኩበት ወር ላይ ዋለ። እነሱ ጾም አያውቁም። ሥጋ ቤቱ እንኳ በጾም ይዘጋል፤ የሙዚቃ አፑ ግን በየወሩ ቀኑን ጠብቆ ይቆርጣል። እኔ ስጾም እሱ ይፈስካል።

መዝሙር ብቻ እንስማ ብለን ደግሞ የሆነውን ስሙ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችንን ወደ ቤታቸው እያደረስኩ ነው። ሳይጠይቁኝ በፊት መዝሙር ከፈትኩ፤ ከበገናው ጋር ራሳቸውን ነቅነቅ እያደረጉ ተጓዝን። መዝሙሩ አለቀ። እኔ የማላውቀው ነገር፣ ዝርዝሩ ሲያልቅ አፑ በራሱ ፈቃድ «ይኼን የወደደ ያንን ይወዳል» ብሎ ሌላ ይቀጥላል። ለእሱ አማርኛ ሁሉ አንድ ነው። ያመጣው ወገብ የሚያስይዝ የእስክስታ ዘፈን ነበር። አውራ ጎዳናው ላይ በፍጥነት እየነዳሁ ነው፤ መስታወቱን ብነካው አያጠፋም፤ ድምፁን ልቀንስ ብዬ ጨመርኩት።

አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ጥቂት አዳመጡና፣

«ይኼስ የማን ነው ልጄ?» አሉ።

«እኔ አይደለሁም አባ! ስልኩ ነው፣ በራሱ ነው የከፈተው።»

«አዳምም እንዲሁ ነበር ያለው» አሉኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ዝም ብዬ ነዳሁ። ዝም ብዬ ስነዳ ደግሞ አስባለሁ። የምከፍለው ብር ወዴት ነው የሚሄደው? ስለዚህ ጉዳይ ያስረዳኝ ያው የደለሱ ጓደኛዬ ነው። ታክሲ ነጂ ተራ ሲጠብቅ የማያነበው ነገር የለም። የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው አለኝ፦ የሁላችንም ክፍያ አንድ ድስት ውስጥ ይገባል። ከድስቱ ወደ ሁለት ሦስተኛው ለዘፈኑ ባለመብቶች ይወጣል። ክፍፍሉ ግን አንተ ማንን ሰማህ ተብሎ አይደለም፤ ከጠቅላላው አድማጭ ውስጥ የማን ዘፈን ስንት ጊዜ ተሰማ ተብሎ ነው። 30 ሰከንድ ካለፈ እንደ አንድ ጊዜ ይቆጠራል። ከ2024 ወዲህ ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን በዓመት 1,000 ጊዜ ካልተሰማ ከድስቱ ምንም አይቀዳለትም።

«እንግዲህ እኔ ወር ሙሉ ማሕሙድን ብቻ ብሰማ፣ ብሬ ለማሕሙድ አይደርስም?»

«ጭልፋ ጠብ ይልለታል። ዋናው ወጥ ለቴይለር ስዊፍት ነው።»

በልጅነቴ እናቴ ዕድር ላይ የምታዋጣው ሽንኩርት ለማን ለቅሶ እንደሚከተፍ ጠይቃ አታውቅም ነበር፤ እንደዚያ ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ግን ዕድሩ ተራው ሲደርስ ለእኛም ይመጣ ነበር። ቴይለር ስዊፍት ለለቅሶዬ ንፍሮ ይዛ ትመጣለች ብዬ አልጠብቅም።

ጓደኛዬ ይህን ሲነግረኝ በጎን በኩል የተሰለፉትን ታክሲዎች አሳየኝ። «ከዚህ ሰልፍ ውስጥ ነበር እኮ» አለኝ። ስለ ኃይሉ መርጊያ ነው የሚያወራው። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርዲስት ከባንዱ ጋር በ1981 አሜሪካ መጥቶ ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ፤ ከዚያ ለብዙ ዓመት በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ ነዳ፤ ደለስ ላይ ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን እያወጣ ይለማመድ ነበር። ያን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደ አዲስ ሲያሳትመው ኃይሉ እንደገና ዓለምን ዞረ። «አየህ፣» አለ ጓደኛዬ፣ «መቶ ሚሊዮን ዘፈን ውስጥ ያስገባው ኮምፒዩተር አይደለም። ካሴት የሚያገላብጥ ሰው ነው።» ይህን ሲል ተራው ደረሰና ሻንጣ ሊጭን ወረደ።

ያን ማታ ቆርጬ ተነሣሁ። የካርዴን ስቴትመንት አውጥቼ ለአንዱ የሚሆን ቦታ ወርሃዊ ወጪዬ ውስጥ ልፈልግ ተቀመጥኩ። ቦታ ስፈልግ ሌላ ነገር አገኘሁ። በየወሩ በ14ኛው ቀን 10.99 ይቆረጣል። ወደ ኋላ ገለጥኩ፤ ባለፈው ወርም። ከዚያ በፊትም። 17 ወር!

«ይኼ ምንድን ነው?» ብዬ ቤቱን ሰበሰብኩ።

ትልቋ ልጄ ጣቷን አየች። «ዳዲ፣ ለአንድ ወር ነፃ ነበር። ከዚያ ረሳሁት። ማለቴ፣ አልረሳሁትም፤ እየሰማሁበት ነው።»

ከሱ በታች በ22ኛው ቀን ሌላ 10.99 አለ። እሱ እኔ ስልክ ስቀይር ሦስት ወር በነፃ ተብሎ አብሮ የመጣ ነው፤ ዘጠኝ ወር ከፍዬበታለሁ፤ አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም። ልደምረው ግድ ሆነ፦ 186.83 እና 98.91፤ ጠቅላላ 285.74 ዶላር። እነዚህ ሁለት ናቸው፤ አሁን በቅርቡ ለሙከራ የጫንኩት ሦስተኛ ነው። በአንድ ዶላር ልዩነት ስድስት ሳምንት የተጨነቅኩት ሰውዬ ሳላውቅ የሦስት ቤት አባወራ ነበርኩ። 180 ዶላር ውድ ነው ብዬ ሲዲውን ኮሮላዬ ውስጥ መቅበሬም ትዝ አለኝ።

ባለቤቴ ምንም አላለችም። ያቺን የዓምድ ወረቀቴን ከመሳቢያ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችልኝ። ሽሮ ነክቷታል።

ሁለቱን መፍታት ነበረብኝ። መግባቱ አንድ ጊዜ መንካት ነው፤ መውጣቱ ግን ሽማግሌ ይላክበታል። «በእርግጥ ልትሄድ ነው?» ይላል አንዱ። አዎ። «ስለ ምን?» አራት ምክንያት ደርድሮ አንዱን ምረጥ ይላል። መረጥኩ። «እስቲ ለሦስት ወር በቅናሽ እንቆይ?» አይሆንም። «የሰበሰብካቸው ዘፈኖች ሁሉ ይቀራሉ እኮ!» አንድም አልሰበሰብኩም። በመጨረሻ «እናዝናለን» ብሎ የሚያዝን ፊት አሳየኝ። እውነት ለመናገር እኔም ትንሽ አዘንኩ፤ ዘጠኝ ወር ስከፍለው አንድ ቀን እንኳ «እንዴት አደርክ» ሳልለው።

እንግዲህ ከሦስቱ የቀረው የትኛው እንደሆነ ልንገራችሁ። የድምፅ ጥራቱ የበለጠው አይደለም፤ በርካሽነቱ የተመረጠም አይደለም፤ የወንድሜ ልጅ የመረጠልኝም አይደለም። የቀረው ልጄ ያስገባችው ነው። ምክንያቱም ልጅቷ እዚያ ውስጥ ለአያቷ 40 መዝሙር ሰብስባላቸው ኖሯል። አያቷ የላቲን ፊደል ስለማያነቡ፣ ስም ሳይሆን ሥዕል እያዩ የሚነኩት አድርጋ አስተካክላላቸዋለች። ማርያምን ሲነኩ የማርያም መዝሙር ይመጣል፤ ገብርኤልን ሲነኩ የገብርኤል። እሳቸው ስልክ አልነካም ይሉ የነበሩት ለእኔ ነው። ያን ወደ ሌላ አፕ አዛውራለሁ ማለት አማቴን ቤት ማስለቀቅ ማለት ነው። ስድስት ሳምንት ያጠናሁት ነገር በአንድ ደቂቃ ተወሰነ፤ የወሰኑትም አማቴ ናቸው፤ መወሰናቸውን እስካሁን አያውቁም።

ታኅሣሥ ሲደርስ እንደ ወጉ አፑ የዓመቱን ሂሳብ ላከልኝ። በቀለም ያሸበረቀ፣ እንኳን ደስ ያለህ የሚል። መቶ ሚሊዮን ዘፈን ቀርቦልህ ዓመቱን በሙሉ ብዙ ጊዜ የሰማሃቸው እነዚህ ናቸው ይላል። ዝርዝሩን ወደ ታች እያየሁ ሄድኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አሥራ ሁለት። እነዚያው ናቸው። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን።

በዚያው ሰሞን አንድ ማታ ከአሌክሳንድሪያ እየተመለስን ነው። ዝናብ አለ፤ መንገዱ ተዘግቶ መኪናው ሁሉ ይንፏቀቃል። ባለቤቴ ማሕሙድን ከፈተች። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ወንበር ቢንቀጠቀጥ ኖሮ ይሰማ ነበር። ሁላችንም አብረን እናዜማለን፤ ትንሿ ከኋላ በሕፃን ወንበሯ ታስራ እግሯን ታወዛውዛለች። ዘፈኑ መሃል ላይ ደረሰ። ያቺ ቦታ ላይ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ትልቋ ልጄ፣ ትንሿ፣ አራታችንም በአንድ አፍ ዘለልን፤ ከአንድ ቃል ግማሽ ተነሥተን ሌላ ቃል ግማሽ ላይ አረፍን። ማሕሙድ ግን አልዘለለም። እኛ ቀድመነው ሄደን፣ እሱ ስድስት ዓመት ሰምተናቸው የማናውቃቸውን ስንኞች እያዜመ ወደ ኋላ ቀረ።

መኪናው ውስጥ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ትንሿ ልጄ ከኋላ ተቆጣች።

«ዳዲ፣ ስልኩ ዘፈኑን አያውቀውም!»

ይህን የሚያስተካክል ከአምስቱ አንዱ ቢገኝ፣ በወር አንድ ዶላር ጨምሬ እከፍላለሁ። አላጠናውም።